የሚነዝር ምድጃና በልክ የተሠራች ጣውላ

ሽማግሌው አናጢ ትንሽ ጣውላ ብብታቸው ውስጥ ወሽቀው ወደ ቤት ሲጣደፉ ከእህታቸው ልጅ ጋር መንገድ ላይ ተገጣጠሙ። ልጅቱ ተምራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሆናለች፤ የመሣሪያ ቦርሳዋ ከትከሻዋ አይወርድም።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? ይቺ ጣውላ ደግሞ ለምን ትሆናለች?»

«ለልጅ ልጄ መቆሚያ ናት። ከነገ ጀምሮ እናቷ ሥራ ስትሄድ እኛ ጋ ትውላለች። ምድጃችን እንደሆነ ይነዝራል፤ ጣውላ ላይ ሳይቆሙ አይነካም። የእኛው ስለሚከብዳት በልኳ ሠራሁላት።»

ልጅቱ ክው አለች። «ጋሼ! ገና እግር ያወጣች ሕፃን ጣውላ ፈልጋ ነው ምድጃ የምትነካው?»

«ትለምደዋለቻ! እኛስ መቼ ሞትን? ኤሌክትሪክ ትንሽ መንዘሩ ያለ ነው።»

ወይ ጉድ! ሰው ከአደጋ ጋር ብዙ ከኖረ እንደ ቤተሰብ ይቆጥረዋል። ልጅቱ ግን መንገዷን ትታ ተከተለቻቸው።

ማድ ቤት እንደገቡ ልጅቱ ቴስተር የሚሉትን የኤሌክትሪክ መለኪያ ከቦርሳዋ አውጥታ አንዱን ጫፍ የምድጃው ቆርቆሮ ላይ፣ ሌላውን የውኃ ቧንቧው ላይ አሳረፈች። ቴስተሩ ሁለት መቶ አሥር ቮልት አለ።

«ምን ማለት ነው?» አሉ አናጢው።

«ሰው የሚገድል ቁጥር ነው፣ ጋሼ።»

የአናጢው ፊት አመድ መሰለ። እሷ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠውን ብሬከር አወረደች፤ መብራቱ መቋረጡንም በቴስተሩ ደግማ ሳታረጋግጥ እጇን አልሰደደችም።

«እንግዲያው ከሁለቱ ማሞቂያዎች የማይሞቀውን ቀይሪልኝ» አሉ አናጢው እየተርበተበቱ። «ይኼኛውማ ደህና ነው፤ ፍም ይመስላል!»

ልጅቱ ሬዚስታንስ የሚባሉትን ሁለቱንም ማሞቂያዎች ነቅላ ለካች። የማይሞቀው ውስጡ ተበጥሶ ነበር። «ይኼ ማንንም አይጎዳም» አለች። የሚሞቀውን አንድ እግሩንና የውጭ ቱቦውን በቴስተሩ ጫፎች ስትነካ ግን ቴስተሩ ጮኸ። ገልብጣ ሥሩ ላይ ያለውን እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አሳየቻቸው። «ኤሌክትሪኩ በዚህ በኩል እየሾለከ ነው ቆርቆሮውን የሚይዘው። የሚሞቅ ሁሉ ጤነኛ አይደለም። ግን ይህ ሲሆን ብሬከሩ መውደቅ ነበረበት...» ብላ ምድጃውን ከግድግዳው ሳብ አደረገች። ቢጫና አረንጓዴው የመሬት ሽቦ ተቆርጧል።

«ይህን ማን ቆረጠው?»



«እኔ ነኝ» አሉ አናጢው። «ያለ እሱም ሲሠራ ጊዜ ትርፍ መሰለኝ።»

«ሾልኮ የወጣውን ወደ መሬት ወስዶ ብሬከሩን የሚጥለው እሱ ነበር ጋሼ። እሱን ስንቆርጠው መሬቱ እኛ ሆንን።»

አናጢው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «አንቺ፣ ይህን ያህል ሲነዝርሽ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ነግሬህ ነበር» አሉ ሴትየዋ ረጋ ብለው። «ጥላሽን የምትፈሪ ሴት ነሽ ብለህ ሳቅህብኝ።»

አናጢው እንዲያ ያለ ኀፍረት በዕድሜያቸው አልቀመሱም።

ልጅቱ በመጠንም በኃይልም ከአሮጌዎቹ ጋር አንድ የሆኑ ሬዚስታንሶች ገዝታ ተከለች፤ የጠቆሩትን የሽቦ ጫፎች ቆርጣ በአዲስ አጠበቀች፤ የመሬት ሽቦውንም ቀጠለች። ብሬከሩን ስትመልሰው ቴስተሩ ቆርቆሮው ላይ ዜሮ አለ። «ከእንግዲህ ድስቱ ቶሎ ይፈላል፣ ሽቦው አይቃጠልም» አለች። «ጥቂት እንኳ ከነዘረ ብሬከሩን አውርደው ባለሙያ ይጥሩ። ጣውላ ሰውን ከመሬት ያርቃል እንጂ ምድጃ አያድንም።»

«በአፌ ብቻ እሺ የምል አይምሰልሽ» አሉ አናጢው። «የሁሉንም ጎረቤት ምድጃ ዛሬውኑ አስለካለሁ።»

በማግስቱ ሕፃኗ መጣች። እናቷ ደህና ዋሉ ሳትል፣ ሕፃኗ በባዶ እግሯ ከአያቶቿ እጅ አምልጣ ማድ ቤት ገባችና ገና ያልተለኮሰው ምድጃ ላይ ሁለት መዳፏን ለጠፈች። ሴትየዋ «ልጄን!» ብለው ጮኹ። አናጢው ወለሉ ላይ ዘፍ አሉ።

ሕፃኗ ዞር ብላ አየቻቸው፤ ጨዋታ መስሏት ሳቀች፤ ምድጃውንም ደግማ ደጋግማ በጥፊ መታችው።