የሦስት ቀን ትዕግሥት

ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? ንፋስ ከገባብዎት መስኮቱን ልዝጋው... አይ፣ ይቅር። እዚህ ክፍል መዝጋት ነውር ሆኗል።

ኧረ ስለማንም አላወራሁም! እዚያ ጥግ ኮምፒውተሩ ላይ ያቀረቀረውም ሰው ሥራ ላይ ነው፣ አይሰማንም። ደግ ሰው ትዝ ሲለኝ ማመስገን እወዳለሁ፣ ሌላ ምን አለኝ?

መቼም የክሊኒካችን የቀጠሮ ሰርቨር በአንድ ጊዜ ሁለት መቶ ሰው ብቻ እንደሚያስተናግድ ያውቃሉ። ድሮ፣ ጨካኞች በነበርንበት ዘመን፣ አንዱ ገብቶ ሠላሳ ሰከንድ ዝም ካለ ሰርቨሩ ግንኙነቱን ቆርጦ ቦታውን ለሌላ ይሰጥ ነበር። ታዲያ አንድ ጨዋ ሰው መጣና «ሰው ላይ ይዘጋል እንዴ? ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው?» ብሎ ሠላሳ ሰከንዱን ሦስት ቀን አደረገው። ሦስት ቀን! እንዲህ ያለ አንጀት ማን አለው?

አሁን ሁለት መቶውም ቦታ በክብር ተይዟል። አንዱ ትናንት ገጹን ከፍቶ ለዕረፍት ሄዷል፤ ሰርቨራችን አልተቀየመውም፣ እየጠበቀው ነው። አንዷማ ላፕቶፕዋን ሸጣዋለች አሉ... እሷንም እየጠበቀ ነው።

እናቴ? ደህና ናት፣ ምን ትሆናለች። ለቀኝ ዓይኗ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ለመያዝ ስትሞክር ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ሐኪሙ «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሠራ ብርሃኑ አይመለስም» ብሏታል እንጂ ሌላ ምንም የለም። ገጹን በሞከረች ቁጥር «እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ ከአበባ ሥዕል ጋር ይመጣላታል። አበባውን የመረጠው ያው ጨዋ ሰው ራሱ ነው፤ ደማቅ ቀይ ነው። እሷ ግን ግራጫ ነው ትላለች... እርጅና መሆን አለበት።

«ቁጥሩን ወደ ድሮው መልሱልን» ብለን ጠይቀን ነበር። እምቢ አላለም! እሱ ሰው ማስቀየም ያውቃል? ስብሰባ ጠራ። ስብሰባው ከማክሰኞ ጀምሮ ክፍት ነው፤ ድንገት ሐሳብ የሚመጣለት ሰው ቢኖርስ ተብሎ እስካሁን አልተዘጋም። ቃለ ጉባኤ ያዡ ምሳውን እዚያው ነው የሚበላው።

እኔማ ጠዋት ማታ እየመረቅሁት ነው። ዕድሜውን ያርዝምለት፣ ዓይኑን ይጠብቅለት። አሜን ይበሉ እንጂ ጋሼ! ምናልባት አንድ ቀን ዓይኑ ቢደክምበት እንኳ... ልክ እንደ እሱ ጨዋ፣ ልክ እንደ እሱ ታጋሽ፣ ማንንም ከቦታው የማያስነሳ ሰው ያስተናግደው።