ሲተኙ የሚላላ ጉሮሮ

ብርቱካን የአራት ዓመት ልጇን ዮርዳኖስን ታቅፋ ከወልድያ ወደ መርሳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣለች። ሁልጊዜ ክፉውን የምትጠብቅ ሴት ናትና በሩ በተከፈተ ቁጥር ልቧ ይደነግጣል። ያን ዕለት ግን ፍርሃቷ አልዋሸም፤ ገብተው ከጎኗ የተቀመጡት የግራናው እንጥል ቆራጭ አባባ ወልዴ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት የበኩር ልጇን የፍፁምን እንጥል የቆረጡት እሳቸው ናቸው። ሕፃኑ ደሙ አልቆም ብሎ በማግስቱ ሞተ።

“እንዴት ዋልሽ ልጄ? አማትሽ እልፍነሽ ልካብኝ ለሐሙስ ተቀጣጥረናል። መጥቼ እንጥሏን ቆርጬ እገላግላታለሁ” አሉ፣ ልጅቷን በአገጫቸው እየጠቆሙ።

ብርቱካን ይህን ቀጠሮ አልሰማችም ነበር። አማቷ የያዘችውን አትለቅም፤ ባሏም ከእናቱ ቃል አይወጣም። ልጅቷ የምትተርፈው ቆራጩ ራሳቸው እምቢ ካሉ ብቻ ነው።

እያንኮራፋች የተኛችው ዮርዳኖስ ድንገት ጸጥ አለች። ደረቷ ይነሣል፣ አየር ግን አይገባም። ጥቂት ቆይታ ተንፈራግጣ ተነፈሰች።

“ይኸው! እንጥሏ ወርዷል።”

“አይደለም አባባ። ከሐኪም ቤት መምጣቴ ነው። እንጥል ቢሆን ቀን ስትሮጥ ስትዘፍን ስትውል ለምን አያንቃትም?”

“ቀንማ የተኛን ሰው የሚያንቀው ዱካክ የት አለ!”

“ዱካክም አይደለም። ጉሮሯችንን ከፍተው የሚይዙት ጡንቻዎች ናቸው። ነቅተን ሳለን አንጎል ጠበቅ አድርጎ ይይዛቸዋል። ስንተኛ ትእዛዙ ይቀንስና ይላላሉ። ጉሮሮው ሰፊ ለሆነ ሰው ምንም አይደል። የእሷን ግን ቶንሲሏ አብጦ አጥብቦታል፤ ጥቂት ሲላላ ይዘጋል። አየር ሲያጥራት አንጎሏ ደንግጦ ጡንቻዎቹን ይቀሰቅሳል። የምትንፈራገጠው ያኔ ነው።”

“አንጎል አናት ላይ ተቀምጦ ጉሮሮ ያዛል?” ብለው ሳቁ። “ለመሆኑ ሐኪሙ ምን ሊያደርግላት ነው?”

“ቶንሲሉን ያወጣዋል።”

“እሱም ቆራጭ፣ እኔም ቆራጭ! ልዩነታችን ነጭ ጋዋን ነዋ!”

ከፊት የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ሳቁ። ብርቱካን አልሳቀችም።

“እሱ የታመመውን ያወጣል፤ አደንዝዞ፣ ደም ማቆሚያውን አዘጋጅቶ። አንቱ ጤነኛውን ይቆርጣሉ። የእኔ ልጅ ሲደማ በእጅዎ ምን ይዘው ነበር?”

“የእግዜር ፈቃድ ነው” አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ወልድያ ተዝካር ላይ የጠጡት አረቄ ከብዷቸው ሲሪንቃ ሳይደርሱ እንቅልፍ ጣላቸው። ማንኮራፋታቸው መኪናውን ሞላው፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ብርቱካን በልቧ ቆጠረች፤ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ። ሽማግሌው ታንቀው፣ በርግገው ነቁ።

“አባባ፣ እንጥል አለዎት?”

“የምን ጥያቄ ነው! ሕፃን ሳለሁ አባቴ ቆርጦልኛል።”

“ታዲያ አሁን ያነቀዎት የማን እንጥል ነው?”

በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው የለም። አባባ ወልዴ ጉሮሯቸውን ዳበሱ።

“ሌሊትም እንዲህ ያደርገኛል” አሉ በዝግታ። “ዱካክ ነው ብዬ ከራስጌዬ ካራ አኖራለሁ።”

“የሚቀሰቅስዎት አንጎልዎ ነው እንጂ ካራው አይደለም። ዕድሜ ጡንቻውን ያላላዋል፤ አረቄው ደግሞ ይብሱን። አንቱም ሐኪም ይይዎት።”

“አርባ ዓመት ሙሉ…” ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ስልካቸውን አወጡ። “እልፍነሽ፣ ሐሙስ አልመጣም። ልጅቷን የሚያንቃት እንጥል አይደለም፤ ሐኪሙ እንዳለው ይሁን። አዎን፣ እኔው ነኝ ያልኩሽ! ሌላ ቆራጭም እንዳትፈልጊ።”

እውነት አርፍዳም ብትመጣ ትጠቅማለች። ተኝቶ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ልጅ በጊዜ ቢታከም እንቅልፉን ይጠግባል፤ ትምህርት ቤት አያንቀላፋም፤ ዕድገቱ አይጓተትም፤ ልቡም ከጉዳት ይድናል። ጤነኛ ሥጋም በከንቱ አይደማም። ይህን ሁሉ ለማወቅ ግን አንድ ቤት አስቀድሞ ሬሳ ማውጣት አልነበረበትም።

መርሳ ሲወርዱ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“ስለዚያኛው ልጅ ይቅር በይኝ።”

“ይቺን ስለተዉልኝ እግዜር ይስጥልኝ” አለች ብርቱካን፣ ልጇን ወደ ትከሻዋ ከፍ እያደረገች። “ስለ ፍፁም ግን ይቅርታ የምሰጥ እኔ አይደለሁም። እጅና እግሩን ጥርቅም አድርጌ ይዤ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ።”