በመጋዝ የተቆረጠው ጠረጴዛ

«ሻለቃ» የሚሏቸው ሰው ውትድርና ቀርቶ የዘበኛ ዱላ እንኳ ይዘው አያውቁም። የማተሚያ ቤቱ የመጽሐፍ ጥረዛ ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ስሙን ያወጡላቸው ሠራተኞቻቸው ናቸው፣ ከጀርባቸው። ያን ዕለት ጠዋት ለአንዲት መጽሐፍ ሰፊ የጻፉትን የስንብት ደብዳቤ በደረት ኪሳቸው ይዘው ደረጃውን ሲወጡ፣ ከላይ ከምትወርደው ከእህታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። የሰውን አእምሮ የተማረች ናት፤ ከወረርሽኙ በኋላ ባለቤቶቹ ሠራተኛውን እንድታይላቸው ቀጥረዋታል።

«ጋሼ፣ እግዜር አገናኘን። ሰፊዋን ሊያሰናብቷት ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«ወሬ ክንፍ አለው! አዎ፣ ልጄ። በየመጽሐፉ አንድ እጥፍ ወረቀት ገልብጣ ትሰፋለች። አርባ የተማሪ መጽሐፍ ተመልሶብናል። በሽታው ከሄደ ሦስት ዓመት ሆነው፤ እስከ መቼ እናባብላት?»

«መቼ ተባበለችና፣ ጋሼ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ስምንቱ ጠራዦች አንድ ረጅም ጠረጴዛ ከበው ይሠሩ ነበር። ሰፊዋ የሰፋችውን ከጎኗ ለምትቀመጠው ሙጫ ቀቢ ታቀብላለች፤ ሙጫ ቀቢዋም እጥፉን ገለጥ አድርጋ አይታ «ቀጥዪ» ትላታለች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ። ወረርሽኙ ሲገባ ሻለቃ ጠረጴዛውን በመጋዝ ስምንት ቦታ አስቆርጠው፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ወደ ግድግዳ አዞሩት፤ መነጋገርም ከለከሉ። ደግ አደረጉ፤ ትንፋሽ ይገድል ነበርና። ሙጫ ቀቢዋ ግን ሞተች። በማግሥቱ በቦታዋ ሌላ ሰው ተቀመጠ፤ ስሟን ያነሳ የለም። በሽታው ካለፈም በኋላ ጠረጴዛው እንደተቆረጠ ቀረ፤ ሻለቃ ዝምታውን ወደውት ነበር።

«ወሬ ቀረ፣ ሥራ ጨመረ» አሉ አሁንም። «ሐዘን የቤት ነው። ሰው ቤቱ ያልቅስ፣ እዚህ ይሥራ። እኛ ስንቱን ቀብረን ሠርተናል፤ አእምሯችንን መቼ አሞን ያውቃል?»

«አሟችሁ ነበር፣ ጋሼ፤ ግን ጎናችሁ ሰው ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለሥጋ ብቻ ይመስልዎታል? እዚህ ያልተነገረ ሐዘን በእጅ ይወጣል። እሷ ዛሬም የጓደኛዋን ድምፅ እየጠበቀች ነው የምትሰፋው። ዘንድሮ ሦስት ሰው ምክንያቱን ሳይናገር ለቋል። ከእንግዲህ እጅን ቀጥሮ ልብን በር ላይ ማስቀረት አይቻልም።»

«ይሄ የመጽሐፍሽ ነገር ነው።»

«እሺ፣ መጽሐፉን ልተወው። ባለቤትዎ፣ እትዬ፣ ያረፉ ጊዜ በሦስተኛው ቀን ሥራ ገቡ፤ አይደል? ከሠራተኞቹ ማን ‹እግዜር ያጽናዎት› አለዎት?»

ሻለቃ የደረጃውን ብረት ያዙ። ማንም አላለም። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ጀርባ ሲያዩ ነበር የዋሉት፤ ጨካኞች ብለውም ቂም ይዘውባቸዋል። ዝም በሉ ያሏቸው ራሳቸው መሆናቸው እስከ ዛሬ ትዝ አላላቸውም። ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«ምን ይሻላል?»

«ጠረጴዛው ይገጠም። ሳምንቱ ሲጀምር ግማሽ ሰዓት ሥራ ሳይነካ ሰው ይነጋገር፤ የሞተ ሰው ስሙ ይነሳ፤ ሐዘን የገጠመው ተረጋግቶ ይመለስ። ያኔ ስሕተቱ ይቀንሳል፤ የሚለቀውም ይቀራል፤ አዲስ የሚመጡት ሰው ሆነው መሥራትን ይለምዳሉ።»

«የነበሩትስ?»

«የነበሩትን እንጃ፣ ጋሼ» አለች። ልትዋሻቸው አልፈለገችም።

ሻለቃ ደብዳቤውን ቀደው አናጢ አስጠሩ። ቀትር ላይ ቁርጥራጩ በብረት ተጋጥሞ ክፍሉ መሐል ቆመ። ሠራተኞቹ ከበው ተቀመጡ፤ ግን ዓይናቸውን የት እንደሚያሳርፉ ጠፋቸው። ሰፊዋ ሥራዋን በጭኗ ይዛ ወንበሯን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«ነይ እንጂ፣ እህቴ» አሏት ሻለቃ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። እኔ ግድግዳውን ለምጄዋለሁ» አለች፣ ሳትዞር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄኔ ነው። ሻለቃ ወንበር ስበው ከጎኗ፣ እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ተቀመጡ። የሰፋችውን ተቀብለው እጥፉን ገለጡ፤ የተገለበጠ ነበር። ጉሮሯቸውን ጠርገው የሙጫ ቀቢዋን ስም ጠሩ፤ ከሞተች ጀምሮ በዚያ ክፍል ያልተጠራውን ስም።

የሰፊዋ መርፌ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየቻቸው።

«ይቀጥሉ፣ ጋሼ» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። «ስለ እሷ ያውሩልኝ።»

ሻለቃ አፋቸውን ከፈቱ። አሥራ አንድ ዓመት አሠርተዋታል፤ ከስሟ በቀር ግን ስለ እሷ የሚያውቁት አንድም ነገር አልነበረም።