በኤግዚቢትነት ስለተያዘው ሲንቄ

የተጠርጣሪ ስም፦ ወ/ሮ ወርቅቱ ኢተፋ
ዕድሜ፦ 28
ሥራ፦ አትክልት ቸርቻሪ
አድራሻ፦ ሰበታ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት፦ መስከረም 28 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
የተጠረጠረችበት፦ በትር ይዞ ቤት በመድፈርና ሕፃን በመውሰድ

ያለመናገር መብት እንዳለኝ ተነግሮኛል። እኔ ግን መናገር እፈልጋለሁ፤ በትዳሬ ስድስት ዓመት ዝም ብያለሁ፣ ይበቃል።

ከሳሼ አቶ ዲሪባ ባለቤቴ ነው። በግንቦት ወር ፍቺ ስጠይቅ ቡራዩ እናቱ ቤት ገባ። በልጃችን ጉዳይ ሽማግሌዎች አራት ጊዜ ተቀመጡ። መጀመሪያ ልጅቷን ውሰጃት አለ፤ በሁለተኛው አልሰጥም አለ፤ በሦስተኛው ጭራሽ አልመጣም። በአራተኛው፣ ፍርድ ቤት እስኪወስን የአራት ዓመቷ ጂጂ ከእኔ ጋር እንድትኖር፣ እርሱም ቅዳሜ ወስዷት እሁድ በ10 ሰዓት እንዲመልሳት ተስማማ። «እሺ፣ አባቶቼ» ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ለእርሱ እሺ ማለት አይከብደውም።

እሁድ መስከረም 22 ቀን አልመለሳትም። ስደውል «መንገድ ዝግ ነው» አለኝ። ሰኞ ጠዋት ግን ጎረቤቴ ጠጅቱ ከቡራዩ በሚኒባስ መጣች። ደግሜ ስደውል «የፍቺ ክሱን አንሺና ልጅሽን ውሰጂ» አለኝ። ልጄን መያዣ አደረጋት። ማክሰኞ በተቃውሞው መንገዱ የእውነት ተዘጋ።

ሐሙስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሲንቄዬን ይዤ በእግሬ ተነሳሁ። ሲንቄ እናቴ በሠርጌ ዕለት የሰጡኝ ቀጭን በትር ነው። በባህላችን ያገባች ሴት ስትበደል ይዛው ትወጣለች፤ ሲንቄ የያዘችን ሴት ማንም አይነካም። ዓለም ገና ላይ ድንጋይ የደረደሩ ወጣቶች አስቆሙኝ። በትሩን ሲያዩ አንዱ «ሃዳ ኮ፣ እናቴ፣ እለፊ» ብሎ ድንጋዩን በእጁ አነሳልኝ። ስማቸውን ተጠይቄ አላውቅም ብያለሁ። ባውቅም አልናገርም።

በወጨጫ ሥር በገጠሩ መንገድ ሄጄ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ቡራዩ ደረስኩ። ዲሪባ ሲያየኝ የግቢውን በር ዘጋ። አልጮህኩም፣ አልተሳደብኩም፤ ሲንቄዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። የሰፈሩ ሴቶች አንድ በአንድ እየመጡ አጠገቤ ቆሙ። ከውስጥ «ፖሊስ እጠራለሁ» አለ፤ ጥራ አልኩት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ በሩን የከፈቱት እናቱ፣ አማቴ ወ/ሮ ገለቴ ናቸው። ጂጂን አዝለው ወጡ። ሊይዛቸው እጁን ሲዘረጋ «እኔም ሲንቄ አለኝ» አሉት። እጁን መለሰ። ልጄን ከጀርባቸው አውርደው ሰጡኝ።

ግቢውን አልረገጥኩም፤ በትሩም ማንንም አልነካም። ፍርድ ቤት ለእርሱ ከወሰነ፣ አንጀቴ እያረረም ቢሆን ራሴ ወስጄ አስረክባታለሁ። እርሱ ስጪ ስላለኝ ግን አልሰጥም። ነገም ቢከለክለኝ፣ መንገድ ቢዘጋም ባይዘጋም በእግሬ እሄዳለሁ። ትናንት ስያዝ የተወሰደብኝ ሲንቄ ይመለስልኝ።

ይህ ቃል ተነቦልኛል፤ የተናገርኩት ነው፤ እውነት ነው። የምጨምረው የለም፣ የምቀንሰውም የለም።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ወርቅቱ ኢተፋ
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን አሥራት

የመርማሪ ማስታወሻ፦ ቀጣይ ምስክር ወ/ሮ ገለቴ፣ የከሳሽ እናት። ሕፃኗን ይዘው በረንዳ ላይ ይጠብቃሉ። በእጃቸው በትር አለ። እንዲያስረክቡ አልጠየቅኳቸውም።