ጥፋቱ የድስቱ አልነበረም

መድኃኒት ቤቱ በር ላይ አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ። የሚገባው ሰፈሩ «ጋሽ መቀስ» እያለ የሚጠራው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነው። የሚወጣው የጎረቤቱ ልጅ ሲሆን፣ ጤና ኮሌጅ ተምሮ አሁን ጤና ጣቢያ ውስጥ ይሠራል።

«ይቅርታ ጋሼ! ምነው፣ በደኅና ነው?»

«በደኅናማ ቢሆን እዚህ ምን አመጣኝ? ሆዴ ነው እንጂ። እህል በቀመስኩ ቁጥር እንደ ከበሮ ይወጠራል። ያችን በውኃ ስትበጠበጥ የምትፈላውን ዱቄት ልገዛ ነው።»

«ከጀመረዎ ቆየ?»

«ሱሪዎቼን ጠይቃቸው!»

እውነቱን ነው። ሌላ ሰው ሆዱ ሲነፋ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ ጋሽ መቀስ ግን ሙያው በእጁ ነውና የሱሪውን ወገብ ይፈታል። መጀመሪያ ቁልፉን አራቀ። ቀጥሎ ከኋላ ጨርቅ ጨመረ። በመጨረሻ ላስቲክ አስገባ። ሱሪው በሰፋ ቁጥር ሕመሙ የቀነሰ ይመስለውና ምክንያቱን ሳይመረምር ይከርማል። የሚያውቁት ሙያ አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ሊያውቁት የሚገባውን ይጋርዳል።

ወጣቱ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ጋበዘው።

«ምክንያቱን ግን ደርሰውበታል ጋሼ?»

«እንዴት አልደርስበትም? የባለቤቴ ድስት ነው። ዘይት ታበዛለች፤ ባቄላና ጎመን ካልሆነ እጇ አይፈታም። ተይ አልኳት፣ እንቢ አለች። እኔም ማዕዷን ትቼ ሱቄ ውስጥ መብላት ጀመርኩ።»

«የእትዬን እጅ? ሰፈሩ በሙሉ የሚመሰክርላቸውን?»

«ጣዕም ሌላ፣ ሆድ ሌላ።»

«የእሳቸውን ምግብ ከተዉ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ትንሿ ልጃችን ካገባች ወዲህ ነው።»

«እሷ እኮ አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት።»

«ናት።»

«ታዲያ ሆድዎ ተሻለው?»

ጋሽ መቀስ መልሱን ፍለጋ በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው ተመለከተ። ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ ራሱንም ጨምሮ። «ባሰበት እንጂ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ወርዶ።

«እንግዲህ አይቆጡኝና፣ የተጠረጠረው ሰው ከሰፈር ከወጣ በኋላም ስርቆቱ ከቀጠለ፣ ሌባው ሌላ ነው።»

«ጤና ተማር ብለው ቢልኩህ ጠበቃ ሆነህ መጣህ?»

«ምሳዎን እንዴት ነው የሚበሉት?»

«በአፍ ነዋ!»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሽማግሌው ሳይሸሽግ ነገረው። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀው፣ ማሽኑ ላይ እንዳጎነበሰ፣ ሳያላምጥ ጎርሶ ይጨርሳል። እንዲወርድለት ለስላሳ ይጠጣል፤ ሲያስገሳው ቀለል ይለዋል። ሲጋራ ካቆመ ወዲህ አፉ ሥራ መፍታት ስለማይወድ ቀኑን ሙሉ ማስቲካ ያኝካል። ማታ ደግሞ ሆዱን እንዲያለዝብለት ወተት ጠጥቶ ይተኛል።

«ጋሼ፣ ሰው ሲጣደፍ ከምግቡ ጋር አየር ይውጣል» አለ ወጣቱ። «ማስቲካም እንደዚያው ነው። ለስላሳው ራሱ ጋዝ ነው፤ የሚያስገሳዎ እሱው ያስገባውን ነው። ወተት ደግሞ ዕድሜ ሲገፋ ለብዙ ሰው አይፈጭለትም፤ አንጀት ውስጥ ይፈላል። ባቄላና ጎመንም አንዳንዱን ሰው ይነፋሉ፤ አልክድም። እሱን ግን መቀነስ ይበቃ ነበር፤ ማዕድ አያስጥልም።»

«አባቴ እንዲሁ እየዋጠ አይደል እንዴ ሰማንያ የሞላው?»

«ዕድሜያቸውን አወቁ። ሆዳቸውን ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?»

«አባቱን ስለ ሆዱ የሚጠይቅ የት አለ!»

«እኛን የሚጎዳን ይኼው ነው። ሁሉም አፍሮ ይሸሽጋል፤ ከዚያ ጥፋቱን ቅርብ ባገኘው ሰው ላይ ይለጥፋል።»

ወጣቱ አክብሮቱን ሳያጓድል ቀጠለ፦ «ተቀምጠው፣ በደንብ እያላመጡ ይብሉ። ለስላሳውንና ማስቲካውን ይተዉ። ወተቱን ለሁለት ሳምንት ያቁሙና ለውጡን ይዩ። ከምግብ በኋላ ጥቂት ይራመዱ። ክብደትዎ ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ሰገራዎ ላይ ደም ካዩ፣ ካስመለሰዎ ወይም ሕመሙ ከጠናብዎ ግን ቀን ሳይሰጡት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ለነገሩ ይህን ያህል ከቆየብዎ ነገውኑ ጤና ጣቢያ ይምጡና ይመርመሩ።»

«እሺ፣ ተቀምጬ ልብላ። የት?»

«ማንም የማያጣድፍዎ ቦታ የት ነው?»

ሽማግሌው ቦታውን ያውቀዋል፤ ስሙን መጥራት ግን አፈረ።

ተመረመረ፤ የከፋ ነገር አልተገኘበትም። ሱቁን ዘግቶ ቀስ ብሎ መብላት ጀመረ፤ ደንበኛ አጉረመረመ እንጂ አልቀረም። ሰንበትበት ሲል ሆዱ ረገበ። እንቅልፉ ተመለሰ፤ ማሽኑ ላይ ማጎንበስም አላሳመመውም፤ ዱቄቱንም ረሳው። ይሁን እንጂ እፎይታው ራሱ ከሳሽ ሆነበት። ለካ እንዲህ ቀላል ነበር! ጤና በዚህ ዋጋ የሚገኝ ከሆነ፣ እነዚያ ሁሉ ምሳዎች ስለ ምን ቀሩ?

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ገባ። ባለቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ፣ ከትንሽ ድስት ላይ ትበላ ነበር።

«ምነው? ታመምክ እንዴ?»

«አልታመምኩም። ምሳ ልበላ ነው የመጣሁት።»

«ለአንድ ሰው ነው የሠራሁት» አለች፣ ሳትቆጣ። «መጀመሪያ ሰሞን ለሁለት እየሠራሁ ያንተን እደፋው ነበር። ኋላ እጄ ለመደ።»

እንደ ከባድ ሸክም ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ጥፋቱ የድስትሽ አልነበረም» አላት። «የእኔ ጥድፊያ ነው። ሐኪም ነገረኝ።»

«እኔም ነግሬህ ነበር እኮ። ‹ቀስ ብለህ ብላ፣ ማንም አይቀማህም› ስልህ ‹ወጥሽን አስተካክዪ› አልከኝ።»

እሷ ድስቱ ውስጥ የቀረውን ለሁለት ከፍላ በሳህን አቀረበችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እያንዳንዷን ጉርሻ እያላመጠ በላ።

«እንዲህ የምትንቀረፈፈው ሐኪሙ ስላዘዘህ ነው?»

«አይደለም። እንዳያልቅብኝ ነው።»

ቀና ብላ አየችው፤ አልሳቀችም። ሳህኖቹን አነሳስታ ጠየቀችው፦

«ነገስ ትመጣለህ? ማወቅ አለብኝ። ለሁለት ሠርቶ መድፋት ዳግመኛ አልችልም።»

«እመጣለሁ።»

ከመደርደሪያው ሥር ትልቁን ድስት ጎትታ አወጣችና አቧራውን ማጠብ ጀመረች።