ለታችኛው ጉድጓድ የመጣ ድንጋይ

የውሃ ተቆጣጣሪው አዛውንት ድንጋይ የጫነ ጋሪ አስከትለው ወደ ታችኛው ጉድጓድ ሲወርዱ፣ ኮሌጅ ጨርሳ የተመለሰችውን የእህታቸውን ልጅ ከልብስ አጣቢዋ ጋር ቆማ ድንገት አገኟት።

«ደህና አደሩ አጎቴ? ድንጋዩ ለምንድን ነው?»

«ደህና አደርሽ ልጄ። ይህን ጉድጓድ ልንደፍነው ነው። እየሞተ ነው።»

አጣቢዋ ከገንዳዋ ቀና አለች። «ምነው ጋሼ! ውሃዬ ተመልሷል እያልኩዎ ቀባሪ ይዘው ይመጡብኛል? የእንጀራ ገመዴን ሊበጥሱት ነው?»

አዛውንቱ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሰኞ ሰኞ፣ የላይኛውን ጉድጓድ ውሃ በገመድ ሲለኩ አንድም ጊዜ አላጓደሉም። ነገር ግን ከዓይናቸው ይልቅ ወረቀታቸውን ያምናሉ። ከኪሳቸው አወጡት። በወረቀቱ የተሣለው የላይኛው ጉድጓድ የውሃ ልክ መስመር ወርዶ ወጥቷል፤ የታችኛው ግን ቁልቁል ብቻ ነው።

«ዛሬ ቢመለስ ነገ ይሄዳል። በዚህ ወር የላይኛውን አራት ጊዜ ለካሁ፤ እሷ ከለካችው ከታችኛውም የመጀመሪያዎቹን አራት ወሰድኩ። አራት ለአራት፣ አድልዎ የለበትም።»

«እሷ እኮ ስምንት ጊዜ ለክታለች» አለች ወጣቷ።

«የቀሩት ጓደኛ የላቸውም፤ ተውኳቸው።»

«የእርስዎ አራቱ መቼ መቼ ነበሩ?»

«በአንድ፣ በስምንት፣ በአሥራ አምስት፣ በሃያ ሁለት።»

አጣቢዋ የምትለካው ልብስ ባጠበች ቀን ነበር። ከገንዳዋ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ በከሰል የጻፈችውን እያየች «የእኔማ በሁለት፣ በአራት፣ በስድስት፣ በዘጠኝ» አለች።

«እንግዲህ አጎቴ፣ የእርስዎን ሃያ ሁለት ከእሷ ዘጠኝ ጋር ድረውታል!»

አዛውንቱ ሳቃቸውን ዋጡ። «ቀናቸው ካልገጠመ እንዴት ባንድ ወረቀት ይሣላሉ? ለየብቻ ይሁኑ።»

«ለየብቻ ከሆኑ መቼ ይተያያሉ? የወሩን ቀኖች በሙሉ ከታች እንደርድር። እያንዳንዱ ነጥብ በተለካበት ቀን ላይ ይቀመጥ። የእርስዎ ከእርስዎ፣ የእሷ ከእሷ ይያያዝ። የጋራ የሚሆነው የቀኑ መስመር ነው እንጂ ነጥቦቹ ጥንድ ጥንድ መሆን የለባቸውም።»

አዛውንቱ እርሳሱን ራሳቸው ያዙ። የአጣቢዋ መስመር እስከ ዘጠኝ ወረደ፤ ከዚያ በአሥራ ሦስት፣ በአሥራ ሰባት፣ በሃያ፣ በሃያ አራት ሽቅብ ወጣ። የእሳቸውም መስመር በዚያው ሰሞን ተነሥቷል።

«በዘጠኝ ምን ሆኖ ነበር?» አለች ወጣቷ።

«የላይኛው ጉድጓድ ፓምፕ ተበላሽቶ ቆመ» አሉ ቀስ ብለው። «ትናንት ነው የተጠገነው። ለካ እኔ ከላይ ስስብ ነው የእሷ ጉድጓድ የሚደርቀው!»

«ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ወር ብቻውን ምስክር አይሆንም። ፓምፑን በሳምንት ሁለት ቀን እያሳረፉ ሌላ ወር እንለካ። ካልሆነ ድንጋዩ የት ይሄዳል?»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ጉድጓድ ከተደፈነ ግን ተመልሶ አይለቀምም። ጋሪው ባለበት ቆመ። በሚቀጥለው ወር ፓምፑ ሲያርፍ ሁለቱም መስመሮች ተነሡ፣ ሲሠራ ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ዕረፍቱ ደንብ ሆነ፤ አጣቢዋ ሥራዋን አላቋረጠችም፣ የላይኛውም ጉድጓድ በበጋ አልጎደለም።

አዛውንቱም መለኪያ ለሚማር ሁሉ «ነጥብ ጓደኛ አጣ ተብሎ አይጣልም፤ ቀኑን ፈልጉለት» ይላሉ። ድንጋዩን ደግሞ በገዛ እጃቸው ደርድረው ለአጣቢዋ የልብስ መውቂያ መደብ ሠሩበት።