የላይኞቹ በር

ቅዳሜ ጠዋት፣ አሮጌው ቤት ፈርሶ በተጠረገው ቦታ ላይ ሦስት ሰዎች ሳይቀጣጠሩ ተገናኙ። አንደኛው የቦታው ባለቤት ጨርቅ ነጋዴው ናቸው፤ ሁለተኛዋ ከሐኪም ቤት በምርኩዝ ሲመለሱ የነበሩት ሚስታቸው፤ ሦስተኛዋ ሕንፃ መንደፍ የተማረችው የነጋዴው እህት ልጅ። ልጅቱ የአዲሱን ሕንፃ ፕላን ይዛ መሬቱ ላይ በኖራ ታሰምር ነበር።

ሕንፃው ባለ አምስት ፎቅ ነው። ከታች ሱቅ፣ መሐል ላይ ቢሮ፣ ከላይ መኖሪያ። ነጋዴው አርባ ዓመት ጨርቅ ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸውና ብጣሽ ሲባክን ማየት አይሆንላቸውም። መንገድ ዳር ካለው ወገን አራት ሜትር ለበር፣ ለደረጃና ለአሳንሰር መወሰዱን ሲያዩ ቦታውን በእርምጃ ለኩት።

“ልጄ፣ ሕንፃ ነው የምትሠሪልኝ መሰላል? እዚህ ጋ እኮ አንድ ደህና ሱቅ ይወጣዋል። ደረጃሽ ወደ ጓሮ ይዙር። የላይኞቹ በሱቄ ውስጥ አልፈው ይውጡ፤ እኔ አላባርራቸው!”

“አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሱቅ ማታ ይዘጋል፤ ቤት ግን አይዘጋም። አንድ ጣሪያ ሥር ስላዋልናቸው ጠባያቸው አንድ አይሆንም።”

“ቁልፍ አስቀርጽላቸዋለሁ።”

“የሱቅዎን ቁልፍ? ለሁሉም?”

ነጋዴው ጺማቸውን አሻሹ። ያንን ቁልፍ ለገዛ ወንድማቸው እንኳ ሰጥተው አያውቁም። ቢሆንም እጅ አልሰጡም። “እንግዲያው በጊዜ ይግቡ! ጨዋ ሰው የሚገባው በጊዜ ነው።”

ሰው የለመደው ሁሉ ትክክል ይመስለዋል። እሳቸው ያደጉት ከሱቅ ኋላ ባለች አንዲት ክፍል ነው፤ ሱቁ ሲዘጋ ቤቱም አብሮ ይዘጋ ነበር።

“የምንኖረው ከላይ አይደል?” አሉ ሚስታቸው። “እስቲ እሱ እንዳለው አስምሪና አሳዪኝ።”

ልጅቱ የመንገዱን በር አጠፋች፤ ሱቁን፣ ባንኮኒውን፣ የጓሮውን ደረጃ አሰመረች። ሚስት በምርኩዛቸው ከደረጃው ተነሥተው ባንኮኒውን ዞሩና ሱቁ በር ላይ ደረሱ።

“አሁን መሽቷል፣ ሱቁ ተቆልፏል፤ የጉልበቴ ሕመም ጠንቶብኛል። ክፈቱልኝ።”

ነጋዴው ሳቁ። “እከፍትልሻለሁ፣ የት እሄዳለሁ?”

“ጨርቅ ልታመጣ ሄደሃላ። እንደ ልማድህ፣ ለአሥራ አምስት ቀን።”

የኖራ መስመር ነው፤ በአንድ እርምጃ ይታለፋል። ሚስት ግን አላለፉትም። ፀሐዩ ላይ እንደ ቆሙ ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

“በቃ፣ ነይ ውጪ!”

“ተቆልፏል አልኩህ እኮ።”

ነጋዴው መስመሩን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ በጫማቸው አሽተው አጠፉት፤ የሚስታቸውንም ክንድ ያዙ።

“ይሁን፣ የላይኞቹ የራሳቸው በር ይኑራቸው” አሉ ቀስ ብለው። “እኔ ለካ ሱቅ ብቻ ነበር የማስበው።”

“ሱቁም አይጎዳም፣ አጎቴ። ከላይ የሚወርደው ሁሉ በሱቅዎ መስኮት ፊት ነው የሚያልፈው። እሳት ቢነሣ፣ እግዜር አያምጣውና፣ ሰዉ በቀጥታ መንገድ ላይ ይወጣል። በበሩ የሚገባው ብርሃንም ደረጃውን ያበራዋል፤ እትዬ በጨለማ አይዳብሱም።”

“ለምርኩዟም እንዲመች በሩ ደፍ አይኑረው” አሉ ነጋዴው።

ሰኞ መሠረቱ ተቆፈረ። ሕንፃው ሲያልቅ ነጋዴው የላይኞቹን በር ቁልፍ አስቀረጹ፤ የመጀመሪያውን ለሚስታቸው ሰጡ።